የጋሼ ገመዳ ጓንት

እናቴ የኦቭን ጓንት እየሰፋች ባሳደገችኝ ዘመን እኛ ቤት ኦቭን አልነበረም። ይህን ስናገር ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ኦቭን መጀመሪያ ያየሁት መገናኛ፣ አንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ ነው፤ እሱንም አዲስ ዓይነት ቴሌቪዥን መስሎኝ እስኪበራ ድረስ ቆሜ ጠብቄዋለሁ። ጓንቱን ግን ከነሆድ ዕቃው ዐውቀዋለሁ። ከላይ አበባ ያለው የጥጥ ጨርቅ፣ ከስር ገበር፣ በመሃል ደግሞ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ የሰልባጅ ብርድ ልብስ በድርቡ። እናቴ ሁሉንም ታነባብርና በጠመኔ ሰያፍ መስመር አስምራ በስፌት መኪናዋ ትሄድበታለች፤ ከወዲህ ሄዳ ከወዲያ ስትመለስበት ጨርቁ ላይ ትንንሽ ትራሶች ይነሳሉ። ከዚያ በካርቶን ልክ ትቆርጠዋለች። አራቱ ጣቶች አንድ ላይ፣ አውራ ጣት ለብቻው።

ዓመቱ መገናኛ ለባቡሩ የተቆፋፈረበት ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ ታክሲ ከሚያበቃበት አለፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቁልቁል ወርዶ ከሰው አጥር ጋር የሚገናኝበት ሰፈር ነበር። ኅዳር ላይ ከተራራው የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ያለቀ ጓንት ሁለት እጄ ላይ አጥልቄ ከእናቴ መኪና አጠገብ ቁጭ እላለሁ። እናቴ፣ ሠናይት፣ «አቆሸሽሽው» ትለኛለች እንጂ አታስወልቀኝም።

አባቴ እኔ ሳልወለድ ነው ጥሎን የሄደው፤ ስለሱ የምለው የለኝም። የቤታችን ወንድ ጋሼ ገመዳ ነበር፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ያሳደጋት እሱ ነው፤ የስፌት መኪናዋንም ያመጣላት እሱ ነው። ግንበኛ ስለሆነ አገር ላገር ይዞራል፤ ያን ዓመት ጎሬ በኩል ድልድይ ይሠራ ነበር። እጁ ከመስፋቱ የተነሳ ጉንጬን ሲይዘኝ ጆሮዬም አብሮ ይያዛል። እሁድ እሁድ ይደውልና «ሃይሚዬ፣ እናትሽን እያስቸገርሽልኝ ነው?» ይለኛል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ሻይ ሲያፈላ የማንቆርቆሪያው እጀታ መዳፉን እንዳቃጠለው ነግሮኝ ሲስቅ ነበር። በቀጣዩ እሁድ ሳይደውል ቀረ። እናቴ «ኔትወርክ ነው» አለች።

በዚያው ሰሞን እናቴ ትልቁን ትዕዛዟን ይዛለች። ማቲዎስ የሚባል ሰው መገናኛ ላይ የማዕድ ቤት ዕቃ ሱቅ ሊከፍት ነው፤ የሱቁ መክፈቻ ቅዳሜ ነው፤ ጓንቱን አርብ ማታ ካደረሰችለት ከዚያ ወዲያ የሚያሰፋው እሷን ብቻ ነው። ካላደረሰች ከውጭ የመጣ ይደረድራል። እናቴ እስከዚያ ድረስ የሰው ሱሪ እያሳጠረች፣ የሰው ዚፕ እየቀየረች ነው የኖረችው። የራሴ የምትለው ሥራ ሲመጣላት ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንዳያመልጣት እንቅልፍ አልነበራትም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎረቤታችን ከእትዬ ወለተማርያም ግቢ የሰው ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ወለተማርያምና እናቴ ከክረምት ጀምሮ ተኳርፈዋል። ምክንያቱ እጣቢ ነው፤ የእሳቸው የልብስ እጣቢ በአጥሩ ስር አልፎ መጥቶ በራችን ላይ ይተኛል፤ እናቴ አንድ ቀን ተናገረቻቸው፤ እሳቸውም መለሱላት፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የለም። ስለዚህ ጠላት ግቢ ውስጥ ምን እንደሚወራ ማወቅ ግዴታዬ መስሎ ታየኝ። ዓይኔን በቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደገብርኤል ቆመዋል። ሒሩትም አለች፤ ሒሩት የእናቴ የልብ ጓደኛ ናት፣ ከኛ በላይ ያለው ቤት ነው የምትኖረው።

«እስከ ቅዳሜ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል። «የገመዳን ነገር ሠናይት ከመንገድ እንዳትሰማው።»

«ስልኳስ?» አለች ሒሩት። «ከጎሬ ቢደውሉላትስ?»

«ለስልኩ አንቺ መላ ፈልጊ።»

«አርብ ትዕዛዟን ታስረክብ» አሉ እትዬ ወለተማርያም። «እሱ ራሱ ቢጠየቅ ትጨርስ ነው የሚለው። ቅዳሜ ሳይነጋ ሁላችንም ባንድ ላይ እንሄዳለን። ብቻዋን ግን አትወጣውም፤ እኔ ነገ ሄጄ አብሬያት እሠራለሁ።»

እናንተማ ገብቷችኋል። በኛ አገር ጎረቤት ተሰብስቦ ሳይነጋ በር የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ ለአዋቂ አይነገርም። ጋሼ ገመዳን ወባ ጥሎት ቅዳሜ ሞቶ፣ እሁድ እዚያው ተቀብሮ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ የደወሉት በእትዬ ወለተማርያም የመስመር ስልክ ነው፤ እናቴ ሞባይል ሳይኖራት በፊት እሱ የሚያገኛት በዚያ ነበር። ቀብር ካለፈ መርዶ ይቆያል። ለተማሪ ፈተናው እስኪያልፍ ይቆያል፣ ለነፍሰ ጡር እስክትወልድ ይቆያል። ለጓንት ሲቆይ ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው ብያችኋለሁ። ባለፈው ሳምንት የክፍላችን ልጅ ነአምን ልደቱ በሰርፕራይዝ ተከብሮለት፣ ሰው ሁሉ ከሶፋ ኋላ ተደብቆ እንደነበር ለክፍሉ ሁሉ ሲያወራ ከርሟል። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጋሼ ገመዳ ሊመጣ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ለእናቴ ሰርፕራይዝ እያዘጋጀ ነው። እሁድ ያልደወለውም ለዚህ ነው። ከአጥሩ ስር ተነስቼ ቤት ስገባ ደስታዬን መደበቂያ ሳጣ ከቁርስ የተረፈ ዳቦ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ።

ማክሰኞ እትዬ ወለተማርያም መጡ። እናቴ እስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ቀና አለች።

«ቤቶች» አሉ፣ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ። «እንደምን ዋልሽ ሠናይት።»

እናቴ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ እትዬ፤ ይቀመጡ።»

«መቀመጡ ይቆየኝ። መቀስ ስጪኝ። ዓይኔ ለመርፌ አይሆንም እንጂ በመቁረጥ ማንም አያህለኝም።»

እናቴ ትክ ብላ አየቻቸው። ስለ እጣቢው አንድ ቃል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ትልቁን መቀስ አነሳችና በእጀታው በኩል አቀበለቻቸው።

ብዙም ሳይቆይ ሒሩት ገባች። ስልኳ ቻርጅ አልይዝ ብሏታል፣ የታመመ ዘመድ አላት፣ የእናቴን ስልክ ለጥቂት ቀን ሲም ካርዷን ልታስገባበት ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናገረችው። መዋሸቷን ዐውቄአለሁ፤ ጠዋት ቧንቧው ጋ በዚያው ስልኳ ስታወራ አይቻታለሁ። እናቴ ስልኳን አውጥታ እጇ ላይ አገላበጠችው። ሒሩትን አየች፣ ቀጥላም እትዬ ወለተማርያምን አየች። ምን ሆናችሁ ሳትል ስልኩን ሰጠቻትና ወደ ስፌቷ አቀረቀረች። እኔም እናቴ እንዴት ያለች የዋህ ናት ብዬ አዘንኩላት።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሞቅ አለ። ሒሩት ክር ትበጥሳለች፣ ጠርዝ ትሰፋለች፤ እትዬ ወለተማርያም እየቆረጡ የሰፈሩን ወሬ ይቆርጣሉ። ምሳ ከሳቸው ቤት ይመጣል። እናቴ ብድግ ካለች «ተቀመጪ፣ እኛ እንሄዳለን» ይባላል፤ ውሃ ልትቀዳ እንኳ ብቻዋን አትወጣም። እኔ ይህ ሁሉ ክብር ለጋሼ ገመዳ ሲባል መሰለኝና ኮራሁ። በጓንት ሥራ ደግሞ አንድ ነገር ተማርኩ። ጓንቱ የሚሰፋው በግልባጩ ነው። ተሰፍቶ ሲያልቅ በአውራ ጣቱና በመዳፉ መሃል ያለችውን ጥግ በመቀስ ጫፍ ጫር ካላደረጓት፣ ሲገለበጥ አውራ ጣቱ ይሸበሸባል። ጭረቷ ስፌቱን ከነካችው ደግሞ ይተረተራል። እናቴ ይህን ለማንም አትሰጥም፤ ራሷ ናት የምታደርገው።

ረቡዕ እናቴ ጓዳ ሳለች ወደ እትዬ ወለተማርያም ተጠጋሁ።

«እትዬ፣ አንድ ጓንት ይቆርጡልኛል? ከካርቶኑ ሰፋ ያለ።»

«ለማን ነው ደግሞ ሰፊ?»

ጆሮአቸው ስር ገባሁ። «ለጋሼ ገመዳ። ቅዳሜ ሲመጣ ልሰጠው ነው። እኔ ሰምቻለሁ፤ ግን ለእማዬ አልናገርም።»

መቀሱ ጨርቁ መሃል ላይ ቆመ። እትዬ ወለተማርያም ቀና አላሉም። ኩርፊያው ትዝ ብሏቸው እምቢ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ጠመኔውን አነሱ።

«እጁ ሰፊ ነው፤ አዎ» አሉ። «እንግዲያው ሰፋ አድርገን እንቁረጠው።»

ቆረጡልኝ። መርፌ እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ፣ ክሩን ግን እኔ ነኝ ያስገባሁላቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አላይ አላቸው። ብርድ ነው አሉኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ሴትዮዋ አልመጣም ሊሉኝ አልቻሉም፣ ይመጣል ሊሉኝም አልደፈሩም። ስለ እጁ ብቻ እውነቱን ተናገሩ።

ሐሙስ ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። እናቴ ያለቁ ጓንቶች እያነሳች መፍታት ጀመረች። አውራ ጣቱ ጠመመ ትልና ትተረትረዋለች። ለኔ ዓይን ምንም አልጠመመም። ተርትራ መልሳ ትሰፋዋለች፣ ሰፍታ ታየዋለች፣ እንደገና ትፈታዋለች። የእትዬ ወለተማርያም አቆራረጥ ነው ያበላሸው ብዬ በሆዴ ቂም ያዝኩባቸው። አርብ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከተሠራው የተፈታው በዝቶ ነበር።

ሒሩትና እትዬ ወለተማርያም ተያዩ። «ሠናይት» አሉ እትዬ ወለተማርያም፣ «ይሄ ምን ጉድለት አለው? ሰውየው ዛሬ ነው የሚጠብቀው።»

«አልወደድኩትም።»

«ትናንትም አልወደድሽውም። መጨረስ ትፈሪያለሽ እንዴ አንቺ ልጅ?»

እናቴ ጓንቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ምን የሚያስፈራ ነገር አለ እትዬ?» አለች፣ ፊታቸውን እያየች። «ካለ ይንገሩኛ።»

 ሒሩት ወለሉ ላይ የሌለ ክር መልቀም ጀመረች። እትዬ ወለተማርያም ነጠላቸውን አስተካክለው ምሳ ላምጣ ብለው ወጡ፤ ሒሩትም ተከተለቻቸው።

ይህን ነገር ከእናቴ ጋር ያነሳነው ካደግሁ በኋላ፣ አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ነው። እኔ ምንም አልጠረጠርሽም ነበር ወይ ስላት እየሳቀች አየችኝ።

«ስልኬን ወስደው፣ እትዬ ወለተማርያም በእግራቸው መጥተው፣ ቂል ነኝ እንዴ? ሰው እንደሞተብኝ ማክሰኞ ዐውቄአለሁ። ማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።»

«ለምን አልጠየቅሽም?»

«ካልጠየቅሁ ሁሉም አሉ። አክስቴም አለች፣ እህቴም አለች፣ ገመዳም አለ። ጓንቱ ሲያልቅ አንዳቸው እንደሚሞትብኝ ዐውቄአለሁ፤ ስፈታው ትንሽ ይሰነብቱልኛል። አርብ የምር አፌን ከፍቼ ብጠይቅ ደግሞ የመለሰልኝ የለም።» ሳቋ ቆመ። «ሥራዬ ሲያመልጠኝ እያየሁ ነው የምፈታው ሃይሚ። እጄ እምቢ አለኝ።»

እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። እኔ አርብ ቀን የማውቀው የጋሼ ገመዳ ጓንት አልገለበጥ እንዳለኝ ብቻ ነው። ሴቶቹ እንደወጡ ከአልጋ ስር አወጣሁትና ለእናቴ ሰጠኋት።

«እማዬ፣ አውራ ጣቱ አልወጣ አለኝ።»

አገላብጣ አየችው። «ይሄ ምን ያህላል? የማን ነው?»

«ሚስጥር ነው።»

«ሚስጥር ከሆነ ተይው፤ አትንገሪኝ» አለች ቶሎ ብላ።

አትንገሪኝ ስትለኝ ግን አላስቻለኝም። አራት ቀን ሙሉ ተሸክሜው ነበርና አፌ ላይ ደረሰ። «የጋሼ ገመዳ ነው። ነገ ሳይነጋ ከነእትዬ ወለተማርያም ጋር ይመጣል። እንዳታውቂ ነው ስልክሽን የወሰዱት። ሰርፕራይዝ ነው።»

የእናቴ እጅ የመኪናዋ መዘውር ላይ ነበር፤ እዚያው ቀረ። እኔ የተደነቀች መሰለኝ።

«ማን ቆረጠልሽ?»

«እትዬ ወለተማርያም።»

«ለማን እንደሆነ ነገርሻቸው?»

«አዎ።»

«ምን አሉሽ?»

«ሰፋ አድርገን እንቁረጠው አሉኝ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስትመለስ ትንሹን መቀስ አንስታ የጓንቱን ጥግ ጫር አደረገችው፤ ገለበጠችው፤ አውራ ጣቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። «ጎበዝ፤ በደንብ ሰፍተሽዋል» አለችኝ። ከዚያ የተፈቱትን ሁሉ ወደራሷ ሰብስባ መኪናዋን ረገጠች። ሴቶቹ ምሳ ይዘው ሲመለሱ ቀና አላለችም። አንድም መልሳ አልፈታችም፤ ፀሐይ ከመውረዷ በፊት የመጨረሻው ጓንት አለቀ። እትዬ ወለተማርያም «ተመስገን» አሉ። እናቴም «ተመስገን» አለች።

ጓንቶቹን በማዳበሪያ አድርገን እኔና እሷ በታክሲ መገናኛ ወረድን። መንገዱ በሙሉ ተቆፍሮ ስለነበር ከታክሲ ወርደን በአቧራው መሃል በእግራችን ነው ሱቁ የደረስነው። ማቲዎስ አንዱን ጓንት አጠለቀ፣ መዳፉን ጨበጥ ዘርጋ አደረገ፣ አውራ ጣቱን ጎተት አድርጎ አየው። «በጣም ንጹሕ ሥራ ነው» አለ። «ከሰኞ ጀምሮ ለሚቀጥለው ትዕዛዝ መቁረጥ ትችያለሽ?»

«ሰኞ አልችልም» አለች እናቴ። «እቤት ሰው ይበዛብኛል። ከሳምንት በኋላ ይሁን።»

«እንግዳ ነው?»

«አዎ፤ ሰው ይመጣብኛል።»

ማቲዎስ እሺ አለ፤ ሥራውም የእሷ ሆነ፤ እኔን ያስተማረኝ እሱ ሥራ ነው። እኔ ያን ሰዓት የሰማሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናቴ ለጋሼ ገመዳ መምጣት እየተዘጋጀች ነው። ቤት ስንገባ መኪናዋን ጥግ አስያዘች፣ አልጋውን ወደ ግድግዳ ገፋች፣ ከጓዳ በርጩማ ሁሉ አወጣች። ብዙ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተ። እየዘፈንኩ ጠረግሁላት። እሷም ዝም በይ አላለችኝም።

ቅዳሜ የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት። ውጭው ገና ግራጫ ነው፤ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል። ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ጨርሳለች። ፊቴን በሞቀ ውሃ አጠበችኝ፣ ወፍራሙን ሹራቤን አለበሰችኝ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣኝ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«መጣ?» አልኳት።

«ሃይሚዬ፣ ጋሼ ገመዳ አይመጣም።»

«ሥራ በዝቶበት ነው?»

«አይደለም። ሞቷል።»

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጥለታል፣ ዙሪያ ጥምጥም ይወራል፣ ደጋፊ ሰው ከጎኑ ይቀመጥለታል። እናቴ ግን በሩ ሲንኳኳ ሮጬ ወጥቼ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጋሼ ገመዳን እንድፈልግ አልፈለገችም። ዓይን ዓይኔን እያየች ነገረችኝ። ቃሉ ከመሞት ሌላ ትርጉም ያለው መስሎኝ ፊቷ ላይ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«እስካሁን ማንም አልነገረኝም» አለች። «ይኸው፣ ሊነግሩኝ እየመጡ ነው።»

እውነትም በኮረኮንቹ ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል። የሚያወራ ግን የለም። እናቴ ሁለት ጉልበቴን ያዘች።

«ስሚኝ። ሲገቡ አንቺም እኔም ምንም አናውቅም። ሳምንቱን ሙሉ የደከሙት ለኔ ነው። እነሱ ይንገሩኝ።»

በሩ ተንኳኳ። እናቴ ተነስታ መቀርቀሪያውን ከፈተች። ጋሽ ወልደገብርኤል ከፊት ቆመዋል፤ እትዬ ወለተማርያም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከጎናቸው፤ ሒሩት ከኋላ፤ ከሷም ኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ።

«ምነው፣ በደህና ነው በማለዳ?» አለች እናቴ።

ጋሽ ወልደገብርኤል ወደ እትዬ ወለተማርያም ዞሩ፤ እንዲናገሩ የተመረጡት እሳቸው ናቸው።  ሳምንቱን ሙሉ ወሬ ያላለቀባቸው ሴትዮ አንድ ቃል አልወጣቸው አለ።  እናቴ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይንገሩኝ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «እችለዋለሁ።»

ነገሯት። እናቴ ጮኸች። የማናውቅ ለመምሰል ተስማምተን ነበርና መጀመሪያ እያስመሰለች መሰለኝ፤ ስምምነታችንን ላከብር እኔም ጸጥ ብዬ ቆምኩ። ስትወድቅና እትዬ ወለተማርያም አቅፈዋት አብረው መሬት ሲቀመጡ ግን ገባኝ። እናቴ መሞቱን የሰማችው ገና አሁን ነበር።